ሲስተም የለም ሳይባል

በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ፍላሽ ከመቶ አርባ ጊዜ በላይ ሰክቼ ነቅያለሁ። ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ፣ «ይቅርታ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ» እያልኩ። ጠረጴዛ ስር ስገባ ስወጣ ጉልበቴ ተላልጧል። ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ነው። ፍላሹ ግን እስከ ዛሬ ቁልፍ መያዣዬ ላይ ተንጠልጥሏል። የሚጥለው እጅ አጣሁ።

ጥፋቱ የራሴ ነበር። አንድ ሰርቨር ቀየርኩ።

ከአይቲ ሥራ ውጭ ላላችሁ ነገሩን ላስረዳ። ድርጅታችን ውስጥ ያኔ 140 ገደማ ኮምፒውተር ነበር። ሁሉም ላይ አንቲቫይረስ ተጭኗል። በየቀኑ እየዞሩ ማደስ ስለማይቻል ሁሉንም ከአንድ ቦታ የሚያዝ ማኔጅመንት ሰርቨር ይቀመጣል። የኛ ካስፐርስኪ ሴኩሪቲ ሴንተር ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ኤጀንት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ካልቀየሩት በቀር በየ15 ደቂቃው ሰርቨሩን ይጠራል። «አለሁ፣ ደህና ነኝ፣ አዲስ ትእዛዝ አለ?» ይላል። ትእዛዝ ካለ ይቀበላል። ከሌለ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ያኔ ያልገባኝ ነገር እዚህ ጋ ነው። ሰርቨሩ አልፎ አልፎ «ቶሎ ደውል» ብሎ ሊቀሰቅሰው ይችላል። መስመሩን የሚከፍተው ግን ኤጀንቱ ነው። ስለዚህ አድራሻው የተጻፈው እኔ ከማዝበት ክፍል ውስጥ ሳይሆን በ140 ኮምፒውተሮች ሆድ ውስጥ ነው። እኔ ግን አለቃው ሰርቨሩ ስለሆነ አዲስ አለቃ ሳስቀምጥ ሁሉም ተሰልፎ የሚመጣ መስሎኝ ነበር።

አዲስ ማሽን ተገዛ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ጫንኩበት። ስሙን «ዳሸን» አልኩት። ያኔ ሰርቨርን በተራራ ስም መጥራት ደስ ይለኝ ነበር፤ ወጣትነት ነው። ካስፐርስኪን እንደ አዲስ ጫንኩ፣ ግሩፖቹን ሠራሁ፣ ፖሊሲዎቹን አስተካከልኩ። ዓርብ ማታ አሮጌውን አጠፋሁ።

ሰኞ ጠዋት ኮንሶሉን፣ ማለትም የሰርቨሩን መቆጣጠሪያ ማያ፣ ስከፍት የኮምፒውተሮቹ ስም ተደርድሯል። በደስታ ማኪያቶዬን ለመጠጣት ወጣሁ።

ስማቸው የመጣው አዲሱ ሰርቨር በራሱ ጊዜ ኔትወርኩን ስለሚያስስ ነው። ማን ማን እንዳለ ያያል፤ ያየውን «ገና ያልተመደቡ» በሚል ዝርዝር ውስጥ ያስቀምጣል። አየኋቸው ማለቱ እንጂ ያዝኳቸው ማለቱ አይደለም። እኔ ደግሞ የዝርዝሩን ርዕስ አላነበብኩም።

ማንም አልደወለም። ማክሰኞም ማንም አልደወለም። አንቲቫይረሱ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ሥራውን ይሠራል፤ ማያው ጥግ ላይ ያለው ምልክት አልተለወጠም፤ ሰው ሁሉ ሥራው ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ አለፈ። ከዚያ የፋይናንስ ኃላፊያችን ደወሉ። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ቀይ ሆነብኝ። አርጅቷል ይላል። እኔን ነው ወይስ ኮምፒውተሩን?»

ሳቅሁ። ወርጄ ሳየው ሳቄ ጠፋ። የቫይረስ ዝርዝሩ ከሁለት ሳምንት ወዲህ አልታደሰም። ፖሊሲያችን «ዝማኔ ከሰርቨሩ ብቻ ውሰድ» ይል ነበር፤ ኢንተርኔቱን ለመቆጠብ እኔው ነኝ ያዘዝኩት። ኤጀንቱ የሞተውን ሰርቨር በየ15 ደቂቃው ሲጠራ ከርሟል። ቀጥሎ ያለውን ኮምፒውተር አየሁ። ያውም እንደዚያው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም።

እዚህ ድረስ ነገሩ ይድናል። አሮጌውን ሰርቨር መልሶ ማስነሳት፣ ከሱ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ አለቃችሁ እገሌ ነው» የሚል ትእዛዝ መላክ፣ ሁሉም እስኪሰሙ መጠበቅ። ቀላል ነው። እኔ ግን የአሮጌውን ዲስክ ፎርማት አድርጌ ለካሜራ መቅጃ ሰጥቼዋለሁ። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያስተዳድር ዶሜይንም አልነበረንም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የየራሱ ፓስዎርድ ነበረው፤ ከሩቅ የሚገባበት በር የለም። የፍላሹ ታሪክ የመጣው ከዚህ ነው። ኬኤል-ሙቨር የምትባል ትንሽ መሣሪያ አለች፤ ለኤጀንቱ «አዲሱ አድራሻ ይህ ነው» ብላ የምትነግር። እሷን በፍላሽ ይዤ ዞርኩ።

አንድ ወዳጄ ያኔ «ለአዲሱ የአሮጌውን ስምና አይፒ ብትሰጠው ኖሮ ያልቅ ነበር» አለኝ፤ አይፒ ማለት ማሽኑ ኔትወርኩ ላይ የሚጠራበት ቁጥር ነው። ለብዙ ዓመት እኔም እንደዚያ አምን ነበር። ግማሽ እውነት ነው።

እዚህ አገር ደብዳቤ ማለት ማኅተም ነው። ወረቀቱ የመሥሪያ ቤቱ ይሁን፣ ፊርማው የኃላፊው ይሁን፣ ቁጥርና ቀን ይኑረው፤ ክብ ማኅተም ከሌለው መዝገብ ቤት አይቀበልህም። ኤጀንቱም እንደ መዝገብ ቤት ነው። ከሰርቨሩ ጋር መጀመሪያ ሲተዋወቅ የሰርቨሩን ሰርተፍኬት ይይዛል። ከዚያ በኋላ በዚያው ስም፣ በዚያው አይፒ ሌላ ሰርተፍኬት የያዘ ማሽን ቢመጣ አያናግረውም። ልክም ነው። እንዲያ ባይሆን ማንም ተነስቶ ለላፕቶፑ የሰርቨሩን ስም አውጥቶ መቶ ምናምን ኮምፒውተር ያዝዝ ነበር። እኔ ያንን ማኅተም ነው ከዲስኩ ጋር ፎርማት ያደረግኩት።

ስምንት ዓመት አለፈ። ዳሸን አረጀ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 የሚሰጠውን የተራዘመ ድጋፍ መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም. አቆመ፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 10 ቀን 2023 ማለት ነው። የግዢ ጥያቄ ይዤ ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁ። ወረቀቱን አዩትና፣

«2012? አራት ዓመቱ ነው እኮ ገና! ምን አረጀ አልክ?» አሉኝ።

የፈረንጅ 2012 ነው ብዬ ለማስረዳት ሁለት ስብሰባ ፈጀብኝ።

በዚህ መሃል ድርጅቱ አድጓል። ዶሜይን አለን። ሐዋሳና ባሕር ዳር በቪፒኤን የተገናኙ ቅርንጫፎች አሉን። ኮንሶሉ ላይ 212 ኮምፒውተር ተመዝግቧል። አዲሱን ማሽን ከካርቶኑ ሳላወጣ ሦስት ሳምንት አቆየሁት። ረዳቴ ተገርሞ ያየኝ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ማወቅ የፈለግኩት ስለ አዲሱ አልነበረም። እነዚያ 212 ኮምፒውተሮች ሆድ ውስጥ ምን አድራሻ ነው የተጻፈው?

ኬኤል-ናግቼክ የምትባል ሌላ መሣሪያ አለች፤ ኤጀንቱ ማንን እንደሚጠራና መስመሩ እንደሚሠራ ትናገራለች። በስክሪፕት ሰበሰብኩት። ያገኘሁት ቁፋሮ ነው ማለት ይቻላል። የቆዩት አይፒ ቁጥር ይዘዋል፤ ያ የኔ የፍላሽ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ የተገዙት «ዳሸን» የሚለውን አጭር ስም ይዘዋል። ዶሜይን ከመጣ ወዲህ የተጫኑት ደግሞ ሙሉውን የዶሜይን ስም። ሁሉም አንድ ሰርቨር ጋ ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም ልብ አላለውም። ልብ ማለት የነበረበትም እኔ ነበርኩ።

ቤት የቀየረ ሰው መጀመሪያ ለእድሩ ይናገራል። ካልተናገረ ጥሩምባ ነፊው አሮጌው በር ላይ ነፍቶ ይሄዳል፤ ሰውየው አዲሱ ቤቱ ተኝቶ ለቀብር ሳይደርስ ይቀራል። የኔም ሐሳብ ይኸው ሆነ። ቤት ከመቀየሬ በፊት፣ ገና አሮጌው ቤት እያለሁ፣ ሁሉም አዲሱን መጠሪያ ይልመድ።

ዲኤንኤስ ላይ፣ ማለትም ስምን ወደ አይፒ በሚተረጉመው የኔትወርክ ማውጫ ላይ፣ ለዳሸን አንድ ቅጽል ስም አወጣሁለት። ተራራ አይደለም፤ ሥራውን ብቻ የሚናገር ደረቅ ስም ነው። የወንበሩ ስም እንጂ የሰውየው ስም አይደለም። ለጊዜው ዳሸንን ይጠቁማል፤ ነገ ሌላ ይጠቁማል፤ ኮምፒውተሮቹን አይመለከታቸውም። ከዚያ በግሩፕ ፖሊሲ፣ ዶሜይኑ ለሁሉም ኮምፒውተር ትእዛዝ በሚያደርስበት መንገድ፣ አንድ አጭር ስክሪፕት ላክሁ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ይሮጥና በዚያችው ኬኤል-ሙቨር ኤጀንቱን ወደ ቅጽል ስሙ ያዞረዋል። ሰርቨሩ ያው፣ ማኅተሙም ያው። ምንም የሚያጣላ ነገር የለም።

ችግሩ የኛ ሰው ኮምፒውተር አያጠፋም። ማያውን ብቻ አጥፍቶ ይሄዳል። ሲነሳ የሚሮጥ ስክሪፕት ደግሞ ካልጠፋ አይሮጥም። ለኢሜይሌ መልስ የሰጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። አራተኛው ቀን ላይ መብራት ሄደ። ከምሳ በፊት ሁለት ጊዜ። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ሁሉ ጠፍቶ ተነሳ፤ ማታ ዝርዝሬን ሳይ ግማሹ ተቀይሯል። መብራት ሲሄድ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ላፕቶፖቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። የመስክ ሠራተኞች አሉን፤ አንዴ ከወጡ ወር፣ ሁለት ወር። ላፕቶፑ ቦረና ላይ ሲነሳ ዶሜይኑን አያገኝም፤ ስክሪፕቱም አይደርሰውም። ለነሱ የተለየ መላ ያስፈልጋል፤ እመለስበታለሁ።

ሌላው ሥራ ቆጠራ ነበር። 212 ተመዝግቧል ማለት 212 አለ ማለት አይደለም። ከስልሳ ቀን በላይ ድምፃቸው ያልተሰማ 31 አገኘሁ። ከንብረት ክፍል ዝርዝር ጋር አስተያየሁ፤ የተቃጠለ፣ የተተካ፣ አንዱም የተሰረቀ። የሚተነፍሱት 181 ናቸው። ስማቸውን ወረቀት ላይ አተምኩ። አዎ፣ ወረቀት ላይ። ኮንሶሉ አንዴ አታሎኛል።

ለነገሩ ይህን ሥራ ብዙ ሰው የሚፈራው በተሳሳተ ቦታ ይመስለኛል። «ስንት ደቂቃ ይቋረጣል?» ይሉሃል። አንቲቫይረስ ሰርቨር አንድ ሰዓት፣ ግማሽ ቀንም ቢጠፋ ማንም አይጎዳም። ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ይሠራል። የባንክ ቤት «ሲስተም የለም» ዓይነት ነገር አይደለም፤ እዚያ ወዲያው ሰልፉ ይንጫጫል፣ ወዲያውም ይታወቃል። የኔ ዓይነቱ ሲሳካም ዝም ነው፤ ሲበላሽም ዝም ነው። ስለዚህ ሰው አልጮኸም ብሎ መተኛት አይቻልም። አንድ በአንድ መቁጠር ብቻ ነው ያለው።

ልምምድ አደረግሁ። ሦስት አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ትንሽ ስዊች፣ ከቢሮው ኔትወርክ ጋር የማይገናኝ። ካስፐርስኪ የራሱ ባካፕ አለው፤ ግሩፖቹን፣ ፖሊሲዎቹን፣ ዳታቤዙን፣ ከሁሉም በላይ ሰርተፍኬቱን አንድ ላይ ይይዛል። መጀመሪያ ስሞክር አልመለስ አለኝ። ሼር ፎልደር ውስጥ የነበረው መጫኛ ከዳሸን ያነሰ ቨርዥን ነበር። ባካፑ የሚመለሰው በእኩያው ወይም በበላዩ ላይ ነው። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ፓስዎርድ ጠየቀኝ። በየሌሊቱ በራሱ ለሚሠራው ባካፕ ፓስዎርድ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ መቼ እንደሆነ ግን አላስታውስም፤ ምን እንደሆነም። ስምንት ዓመት ሙሉ ሊከፈት የማይችል ባካፕ በኩራት ሳስቀምጥ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

አዲስ ፓስዎርድ ሰጠሁት። ጽፌ በፖስታ አሽጌ እትዬ ካዝና ውስጥ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉኝ።

«ማኅተም ነው» አልኳቸው። ከቼክ ደብተሮቹ ስር አስገቡት።

ዳታቤዙንም መጥረግ ነበረብኝ። በነፃ የሚሰጠው ኤስኪውኤል ኤክስፕረስ ነው፤ የኛ ቨርዥን ለአንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት በላይ አይፈቅድም ነበር። የኛ ስምንትን አልፎ ነበር። አብዛኛው ማንም አንብቦት የማያውቅ ክስተት ነው፤ እገሌ ፍላሽ ሰካ፣ እገሌ ፍላሽ ነቀለ። አጸዳሁት። ይህን እዚሁ ልለፈው፤ አሰልቺ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ላይ ጀመርን። የዲኤንኤሱ መልስ የሚቆይበትን ዕድሜ አስቀድሜ ከአንድ ሰዓት ወደ አምስት ደቂቃ አውርጄዋለሁ፤ ካልሆነ ኮምፒውተሮቹ የድሮውን መልስ ይዘው ይቆዩ ነበር። የመጨረሻውን ባካፕ ወሰድኩ። የዳሸንን ሰርቪስ አቆምኩ። ራሱ እንዳይነሳም ከለከልኩት፤ መብራት ሄዶ ቢመለስ አንድ ማኅተም የያዙ ሁለት አለቆች እንዳይፈጠሩ። የኔትወርክ ገመዱንም ነቀልኩ። አዲሱ ላይ ባካፑን መለስኩ። ቅጽል ስሙን ወደ አዲሱ አዞርኩ።

አሁን ለላፕቶፖቹ መላው። የዳሸንን የድሮ አይፒ ለአዲሱ ማሽን ሁለተኛ አድራሻ አድርጌ ሰጠሁት። «ዳሸን» የሚለውንም ስም ዲኤንኤሱ ላይ ወደሱ አዞርኩ። ያልሰማ ኮምፒውተር በድሮው በር ቢመጣ በሩ ወደ አዲሱ ቤት ይከፈታል፤ ማኅተሙም አንድ ስለሆነ ይቀበለዋል። መጀመሪያውኑ ይህን ብቻ አድርገህ ስክሪፕቱን ለምን አልተውክም የሚል ሰው ይኖራል። ይሠራል፣ አልከራከርም። ግን ያን ቁጥር ዕድሜ ልክ መሸከም አልፈለግኩም። የዛሬ ስምንት ዓመት ሌላ ልጅ ይመጣና ይህ አይፒ ምንድን ነው ብሎ ያጠፋዋል።

ሻይ ይዘን ኮንሶሉ ፊት ተቀመጥን። ረዳቴ ያነባል፤ እኔ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። አንድ፣ አራት፣ አሥራ ሁለት። ባሕር ዳር ገባ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዘጠና አለፈ። ዓርብ ዕለት «ቅዳሜ ኮምፒውተራችሁን አታጥፉ» ብዬ ለምኜ ነበር፤ ለካ ሰው ይሰማል።

ሁለተኛ ፎቅ ግን አንድም የለም። ሠላሳ ስምንት ኮምፒውተር። ላብ አጠመቀኝ። ስክሪፕቱ ነው? ስዊቹ ነው? ማኅተሙን አልቀበል ብለው ይሆን? ረዳቴ ፍላሹን ከቁልፎቼ ጋር ጠረጴዛው ላይ አይቶ ምንም አላለም። በደረጃው ወርጄ ስደርስ ኮሪደሩ ጨለማ ነው። ጥበቃችን ወንበራቸው ላይ ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

«ጋሼ፣ እዚህ መብራት ጠፋ እንዴ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት ልጄ። ሰው የለ፣ ምን የለ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ በርቶ። ሂሳቡን የምትከፍሉት እናንተ አይደላችሁ!»

ማብሪያውን ከፍ አደረጉልኝ። ሩብ ሰዓት ጠብቀን ሠላሳ ስምንቱም ገቡ።

አዲሱን ሰርቨር በመጀመሪያ ያዘዝኩት የቫይረስ ዝርዝሩን ራሱ እንዲያወርድ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ሰው ሁሉ ባዶ መጋዘን ፊት እንዳይሰለፍ። ሰኞ እስከ ምሳ ድረስ 181 ውስጥ 176 ላይ ምልክት አለ። እትዬን ሆን ብዬ ጠየቅኳቸው፤ «ኮምፒውተርዎ ላይ የተለየ ነገር አለ?» «ምን ይኖራል?» አሉኝ። ከቀሩት አምስት ውስጥ አንዱ ጥገና ላይ ነው። አንዱ ሐዋሳ ነበር፤ አንድ ሰው በእጁ ዲኤንኤሱን ቀይሮበት። ሦስቱ መስክ ላይ ናቸው።

ሁለቱ በወሩ መጡ። ሦስተኛውን ሰባት ሳምንት ጠበቅኩት። ዝርዝሬ ጠረጴዛዬ ላይ መስታወቱ ስር ተቀምጦ አንዲት መስመር ብቻ ባዶ ሆና ትታየኝ ነበር። አንድ ረቡዕ ከቦረና የተመለሰ ባልደረባችን ላፕቶፑን የኔትወርክ ገመድ ላይ ሰካው። ኪቦርዱ መሃል ቀይ አፈር ገብቷል። ኮንሶሉ ላይ ስሙ በራ። የመጣው በድሮው አይፒ ነው። አዲሱን አድራሻ በትእዛዝ ሰጠሁት፤ ቀጥሎ የደወለው በቅጽል ስሙ ነው። ሰውየው ከኋላዬ ቆሞ «ቫይረስ አለበት እንዴ?» አለኝ።

የድሮውን አይፒ ሦስት ወር ሲሞላው አነሳሁት። ከመነሳቱ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ በዚያ በር የሚመጣ እንዳለ ተከታተልኩ። የመጣው የኛ ኮምፒውተር አይደለም፤ ረስቼው የነበረ ፕሪንተር ነው። ለምን ያንን አድራሻ እንደሚጠራ እስካሁን እየመረመርኩ ነው።

ዳሸን ጠረጴዛዬ ስር ነው። ዲስኮቹን አውጥቼ ካዝና ውስጥ፣ ከፖስታው አጠገብ አስቀምጫለሁ፤ ማኅተሙ አሁንም እነሱ ላይ አለ። ንብረት ክፍል ግን አልተስማማም። ሲገባ በሞዴል 19 የንብረት ገቢ ደረሰኝ ከነዲስኩ ነው የገባው፣ ሲመለስም ከነዲስኩ ነው ይላሉ። ዲስኩ ካልተሟላ አንረከብም ብለዋል። እኔም አልሰጥም ብያለሁ። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ጻፉልኝ። ማኅተም አለው።